ትልቅ ቸርኬ ምቾት ነውን?

ትልቅ ቸርኬ የተገጠመለት መኪና ዓይን ይስባል። ጉድጓድ ሲያጋጥመው ግን ከኋላ የተቀመጡት እናትና ሕፃናት ይንገላታሉ። ምክንያቱም የመንገዱን ምት ቀድሞ የሚያበርደው ጎማው ውስጥ ያለው ነፋስ ነው፤ ቸርኬው በተለቀ መጠን የጎማው ጎን ያጥራል፣ ነፋሱም ያንሳል።

ስለዚህ ጎማ ከመለወጣችን በፊት በጎኑ የተጻፈውን እናንብብ። 225/40 R18 ቢል፣ ስፋቱ 225 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 40 በመቶ ማለትም 90 ሚሊ ሜትር፣ ቸርኬው 18 ኢንች ነው። 205/55 R16 ግን ጠቅላላ ቁመቱ ከዚያኛው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ ጎኑ 113 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። እንግዲያው ምቾት የሚሻ ሰው የመኪናው አምራች ከፈቀዳቸው መጠኖች መካከል አነስተኛውን ቸርኬ ይምረጥ። ቸርኬውን መለወጥ ካልቻለም ለፍጥነት ሳይሆን ለምቾት የተሠራ ጎማ ይግዛ። የጭነት ቁጥሩም ከቀድሞው አይነስ፤ ለምሳሌ 91 አንዱ ጎማ እስከ 615 ኪሎ ይችላል ማለት ነው።

አንዳንዶች ጉዞው እንዲለሰልስ ነፋስ ያስቀንሳሉ። ይህ አደገኛ ነው! ነፋስ ያነሰው ጎማ ይግላል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ትክክለኛው ልክ አብዛኛውን ጊዜ በሾፌሩ በር አካባቢ ተለጥፏል፤ የሚለካውም ጎማው ሳይሞቅ ነው። ጎማው ላይ የተጻፈው የነፋስ ቁጥር የመጨረሻው ጣሪያ እንጂ የሚሞላው ልክ አይደለም።

ጎሚስታው ዘንድ ስንሄድ «ለስላሳ ይሁንልኝ» ከማለት ይልቅ ቁጥሮቹን በወረቀት ይዘን እንሂድ።