ፓርላማ እውነትን በድምፅ ብልጫ ሊለውጥ አይችልም!

የብሪታንያ ፓርላማ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 22 ቀን 2024 ሌሊት ላይ አነጋጋሪውን የሩዋንዳ ሕግ አጸደቀ። ሕጉ ማንኛውም ውሳኔ ሰጪ አካል ሩዋንዳን ለጥገኝነት ጠያቂዎች ደኅንነቷ የተጠበቀ አገር አድርጎ እንዲቀበል ያስገድድ ነበር። ውሳኔ ሰጪ ከተባሉት መካከል ዳኞችም ይገኙበት ነበር። ከአምስት ወራት በፊት ግን አምስት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ማስረጃውን መርምረው፣ ያለ ልዩነት ተቃራኒውን ፈርደው ነበር። አቋማችን ግልጽ ነው፦ ሕግ ማውጣት የምክር ቤት ሥልጣን ነው፤ በማስረጃ የተረጋገጠን ሐቅ በአዋጅ መካድ ግን የማንም ሥልጣን ሊሆን አይገባም።

የሕጉ ዓላማ የሚናቅ አልነበረም። በኖቬምበር 2021 በኢንግሊሽ ቻናል አንዲት ጀልባ ሰጥማ ቢያንስ 27 ሰዎች አልቀዋል። በ2022 ደግሞ ከ45 ሺሕ በላይ ሰዎች በትናንሽ ጀልባዎች ተሻግረዋል። ደላሎች በሰው ነፍስ ሲነግዱ መንግሥት እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ የሚፈልግ የለም። የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን በኤፕሪል 2022 ያስተዋወቁት ዕቅድ በጀልባ የገባ ሰው ወደ ኪጋሊ ተልኮ ጉዳዩ እዚያው እንዲታይ፣ ቢፈቀድለትም እዚያው እንዲቀር የሚያደርግ ነበር። ብሪታንያ የመኖር ተስፋ ከሌለ ጀልባ የሚሳፈር አይኖርም የሚል ስሌት ነው።

ስሌቱ ግን ከመነሻው ማስረጃ አልነበረውም። የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ከፍተኛ የሲቪል ሰርቪስ ኃላፊ ማቲው ራይክሮፍት፣ ዕቅዱ ሰዎችን ከጉዞ እንደሚያስቀርና ወጪውን እንደሚመልስ የሚያሳይ በቂ ማስረጃ እንደሌለ በጽሑፍ አስታወቁ። ሚኒስትሯ ፕሪቲ ፓቴል ኃላፊነቱን ወስደው እንዲቀጥል በጽሑፍ አዘዙ። ባለሙያው ያቀረቡት ማስጠንቀቂያ ያን ጊዜ ተሰምቶ ቢሆን ኖሮ ብዙ ጥፋት በቀረ ነበር።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኖቬምበር 2023 ውሳኔውን የሰጠው ሩዋንዳን ለማዋረድ አልነበረም። ዳኞቹ የመረመሩት አንድ ጥያቄ ነው፦ ወደዚያ የተላከ ሰው ጉዳዩ በአግባቡ ሳይታይ ወደ ሸሸበት አገር ይመለሳል ወይስ አይመለስም? ለዚህ ከመዘኗቸው ማስረጃዎች አንዱ የእኛን ቀጣና በቀጥታ ይነካል። እስራኤል ከ2013 እስከ 2018 ከሩዋንዳ ጋር በነበራት ስምምነት ኤርትራውያንና ሱዳናውያን ጥገኝነት ጠያቂዎችን ወደ ኪጋሊ ልካ ነበር። የተላኩት ሰዎች እዚያ ጥበቃ በማግኘት ፈንታ በድብቅ ወደ ኡጋንዳ ይሸኙ እንደነበር ፍርድ ቤቱ ተረድቷል። ይህ ግምት ሳይሆን በሰዎች ላይ የደረሰ ነገር ነው።

መንግሥት ከፍርዱ በኋላ ከሩዋንዳ ጋር አዲስ ውል ተፈራረመ። ውሉ ሥራ ላይ ውሎ ውጤቱ እስኪታይ ቢጠብቅ፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት ቢመለስ የሚነቀፍ አልነበረም። እሱ ግን ጥያቄውን ከዳኞች እጅ መንጠቅን መረጠ። በሕጉ ረቂቅ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የወቅቱ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ጄምስ ክሌቨርሊ፣ ሕጉ ከአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ኮንቬንሽን ጋር ይጣጣማል ለማለት እንደማይችሉ ፈርመው አስፍረዋል። የጌቶች ምክር ቤት አባላት ሩዋንዳ በተግባር ደኅንነቷ መረጋገጡን ገለልተኛ አካል ያጣራ ብለው ደጋግመው ማሻሻያ ቢያቀርቡም ሰሚ አላገኙም።

ሕጉ በጸደቀ በሰዓታት ውስጥ፣ በሰሜን ፈረንሳይ ዊምሩ የባሕር ዳርቻ ከ100 በላይ ሰዎች የታጨቁባት ጀልባ አደጋ ደርሶባት አምስት ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ አንዷ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። በሎንዶን የተሰጠው ድምፅ በዚያ ዳርቻ የቆሙትን ሰዎች አላስቆመም። በጁላይ 2024 ሥልጣን የያዘው መንግሥት ዕቅዱን ሲሰርዝ እስከዚያ የወጣው 700 ሚሊዮን ፓውንድ መድረሱን አስታወቀ። ወደ ኪጋሊ የሄዱት በፈቃዳቸው የተጓዙ አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ። በግዳጅ የተላከ አንድም ሰው የለም። ለበረራ ተብለው በየማቆያው የታሰሩት ተለቀቁ። ሕጉም በ2025 በወጣ ሌላ ሕግ ተሽሯል።

የዕቅዱ ደጋፊዎች ምርጫው ቀድሞት ነው እንጂ ሕጉ አልተሞከረም ይላሉ። በዚያ ጸደይ አንዳንድ ሰዎች ሩዋንዳን ፈርተው ወደ አየርላንድ መሻገራቸውን የአየርላንድ ባለሥልጣናት መናገራቸውንም ይጠቅሳሉ። ይህን አንክድም። ዳሩ ግን ፍርሃቱ ሰዎቹን ከአንድ አገር ወደ ሌላው አዛወረ እንጂ ስደታቸውን አላስቀረም። በዚያው 2024 ዓመት ቻናሉን በጀልባ የተሻገሩት ከ36 ሺሕ በላይ ናቸው። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ እንዲሉ፣ ለአብዛኛው ስደተኛ ብሪታንያ ሳይደርስ ጥገኝነት የሚጠይቅበት ሕጋዊ በር እስካልተከፈተ ድረስ የደላላው ገበያ አይዘጋም።

እንዲህ ያለ ሕግ ከታለመለት ሰው አልፎ ሌላውን ሲመታ ብሪታንያ ቀድማ አይታለች። የ2014ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ አከራዮችና ባንኮች የሰዎችን የመኖሪያ ወረቀት እንዲመረምሩ አደረገ። ዒላማው ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። የተጎዱት ግን በልጅነታቸው ከካሪቢያን በሕጋዊ መንገድ የመጡ፣ ዕድሜ ልካቸውን ሠርተው ግብር የከፈሉ ሽማግሌዎች ናቸው። ወረቀት አላሳያችሁም ተብለው ሥራና ቤት አጡ፤ ሕክምና ተከለከሉ፤ አንዳንዶቹም ከአገር ተባረሩ። ይህ የዊንድረሽ ቅሌት የተባለው በደል በኤፕሪል 2018 ሲጋለጥ የወቅቱ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር አምበር ራድ ሥልጣን ለቀቁ። የተጎዱት ግን ካሳ ፍለጋ ዓመታት ተንከራተቱ።

ዛሬም ጥያቄው አልተዘጋም። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ሻባና ማህሙድ በኖቬምበር 2025 የስደተኝነት ከለላ በየሁለት ዓመት ተኩሉ እንዲታደስ፣ በሕገወጥ መንገድ ገብተው ከለላ ያገኙ ሰዎችም ለቋሚ መኖሪያ 20 ዓመት እንዲጠብቁ የሚያደርግ ዕቅድ አቅርበዋል። ይህ ወደፊት ከአፍሪካ ቀንድ ተሰደው በሎንዶንም ሆነ በሊድስ ጥገኝነት የሚጠይቁ ሰዎችን ሕይወት የሚወስን ነገር ነው። ልጅ ማሳደግም ሆነ ቤተሰብ ማስመጣት በየሁለት ዓመት ተኩሉ በሚመጣ ጥርጣሬ ላይ ሊመሠረት አይችልም።

ስለዚህ መንግሥት አዲሱን ዕቅድ ወደ ሕግ ከመቀየሩ በፊት ሰዎችን ከጉዞ ያስቀራል የሚልበትን ማስረጃና ወጪውን ለሕዝብ ይፋ ያድርግ። ምክር ቤቱ የዳኞችን ዓይን የሚሸፍን አንቀጽ ዳግም አያጽድቅ። ሕጉ ከወጣም በኋላ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ማንን ጠቀመ፣ ማንን ጎዳ የሚለው በገለልተኛ አካል ይመርመር፤ ዓላማውን ያልመታ ሕግም ምርጫ ሳይጠበቅ ይነሣ። ሕዝብ የመረጠው ፓርላማ ድንበሩን የመጠበቅ ሙሉ መብት አለው። ይህ መብት የሚከበረው ግን ሕግ አውጪው ራሱ ለማስረጃ ሲገዛና ለውጤቱ ሲጠየቅ ነው!