ከሞምባሳ እስከ ማሊንዲ

ከሞምባሳ ወደ ሰሜን የሚወጣው አውራ ጎዳና የሕንድ ውቅያኖስን ዳርቻ ተከትሎ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ማሊንዲ ይደርሳል። የዚህ እትም ዋና ጽሑፍ የሚያስቃኘው ይህንኑ መንገድ ነው። መነሻው ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1593 መገንባት የጀመሩት፣ ዛሬ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ፎርት ጂሰስ ነው። ቀጥሎ ኪሊፊ አለች።

ረዘም ያለ ቆይታ የሚገባት ግን ጌዲ ናት። ይህች ጥንታዊ የስዋሂሊ ከተማ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰው አልባ ሆነች፤ ከኮራል ድንጋይ የተሠሩት መስጊዶቿና ቤተ መንግሥቷ ደን ውስጥ ቆመዋል። ወደ ዋታሙ ነጭ አሸዋ የሚጣደፍ መንገደኛ ሳያያት ማለፉ እጅግ ያሳዝናል።

ማሊንዲ ቫስኮ ዳ ጋማን እ.ኤ.አ. በ1498 የተቀበለች ወደብ ናት። በሚያዝያና በግንቦት ዝናቡ ስለሚበረታ ለጉዞው ሌላ ወር ይመረጣል።