ከፈረስ ጉልበቱ በፊት ፊልትሮው ይታይ

የትራክተር ርክክብ ሥነ ሥርዓት ሁሌም አንድ ነው። ሪባን ይቆረጣል፣ ቁልፍ ይሰጣል፣ ባለሥልጣኑ መሪ ጨብጦ ፎቶ ይነሳል። ማታ ዜናው ስንት ትራክተር እንደተሰራጨ ይነግረናል። ከሁለት ክረምት በኋላ ከእነዚያ ትራክተሮች ስንቱ እያረሰ፣ ስንቱ ደግሞ ዶሮ እየሰፈረበት እንደቆመ ለማየት ካሜራ ይዞ የሚመለስ ግን እምብዛም ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከግዢው ነው። አነስተኛ የናፍታ ትራክተር ሲመረጥ ጎልተው የሚወጡት ሁለት ቁጥሮች ናቸው፦ ዋጋውና የፈረስ ጉልበቱ። «ሲቆም ማን፣ በምን መሣሪያ፣ በስንት ቀን ያስነሳዋል?» የሚለው ጥያቄ «ዋስትና አለው» በሚል አንድ ሐረግ ይታለፋል። ለገበሬው ግን ከሁሉም የሚበልጠው ይሄኛው ጥያቄ ነው።

ገበሬው ጥያቄውን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሞፈር ቢሰበርበት ሌላ እንጨት ቆርጦ ይጠርባል። ድግሩ ቢሰነጠቅ ይቀይራል። ማረሻው ቢዶለዱም ቀጥቃጭ ዘንድ ወስዶ ያሳድሰዋል፣ በማግሥቱ ያርሳል። ይህ የእርሻ ዕቃ ይህን ያህል ዘመን የቆየበት አንዱ ምክንያት የትኛውም አካሉ ከመንደር ሳይወጣ መተካቱ ነው። በሬውን ሸጦ ወደ ትራክተር የሚሻገር ሰው ይህንን ዋስትና ትቶ ነው የሚሻገረው። በምትኩ ምን እንደሚሰጠው ሊነገረው ይገባል።

እንግዲህ ትራክተሮቹ በዚህ ሚዛን ይመዘኑ።

በቅድሚያ ባለሁለት ጎማው፣ ብዙዎች «ዎኪንግ ትራክተር» የሚሉት። ብዙዎቹ የሚሠሩት ኤስ195 በሚባለው የቻይና ሞተር ወይም በዘመዶቹ ነው፦ አንድ ሲሊንደር፣ 12 የፈረስ ጉልበት ገደማ፣ በእጅ ተጠምዝዞ የሚነሳ። በእጅ የሚነሳው ባትሪ ሞተብኝ ብሎ አይቆምም። የሚቀዘቅዘው በላዩ ባለው ገንዳ ውስጥ ያለው ውሃ እየፈላ በመትነን ስለሆነ የውሃ ፓምፕ የለውም። ጉልበቱ ወደ ማርሹ የሚተላለፈው በቺንጋ ነው፤ ቺንጋ ለማጥበቅ ደግሞ ቁልፍ የያዘ ሰው ይበቃል። ድክመቱም አይካድ። ንዝረቱ ቡሎን ያላላል፣ ገንዳው ከደረቀ ሞተሩ ይነክሳል፣ ከባድ ጥቁር አፈር ላይ ጉልበት ያንሰዋል፣ ከኋላው የሚከተለውን ሰው ያደክማል። ሲቆም ግን ለምን እንደቆመ የሚነግር ኮምፒዩተር አይጠይቅም።

ሁለተኛው ባለአራት ጎማው የድሮ ዘር ነው። ከ1964 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. የተመረተው ማሴይ ፈርጉሰን 135 ጥሩ ምሳሌ ነው። የናፍታው ሞዴል የሚታወቅበት የፐርኪንስ ሞተር ባለሦስት ሲሊንደር፣ 2.5 ሊትር ነው። የዚያው ቤተሰብ የሆነው 240 ፓኪስታን ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሲመረት ቆይቷል። መለዋወጫውን ብዙ ፋብሪካ ስለሚሠራው ከአንድ አስመጪ ጋር ታስሮ መቅረት የለም። ፈተናው ናፍታ ሲያልቅበት ነው። አየር ከገባ ከፊልትሮው፣ ከፓምፑ፣ ከዚያም ከኢንጀክተሮቹ በተራ ማስወጣት ያስፈልጋል። ሥራው ያሰለቻል፤ ነገር ግን አንድ ቀን ያየ ወጣት በሁለት ቁልፍ ይሠራዋል።

ሦስተኛው እንደ ኩቦታ ኤል3408 ያለው የጃፓን ኩባንያ ትራክተር ነው፦ ሦስት ሲሊንደር፣ 34 የፈረስ ጉልበት ገደማ። ሞተሩ ያለ ኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ ነው፤ ለዕለት ተዕለት እንክብካቤም ይመቻል። ነገር ግን የፊት ጎማዎቹም ስለሚነዱ ተጨማሪ ጥርሶች፣ ኩሽኔታዎችና ዘይት መያዣ ጎማዎች አሉት። የፊት አክስሉን ዘይት ማየት የረሳ ሰው ዋጋውን ይከፍላል፤ ኦሪጅናል ዕቃው ደግሞ ርካሽ አይደለም።

አራተኛው አዲሱ ኤሌክትሮኒክ ትውልድ ነው። ናፍታው ከ1000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ይረጫል፤ የድሮዎቹ ኢንጀክተሮች የሚከፈቱት በአብዛኛው ከ250 ባር በታች ነው። በዚህ ግፊት ለሚሠራ ኢንጀክተር በበርሜል ተቀምጦ ውሃና ቆሻሻ የጠጣ ናፍታ መርዝ ነው። ብዙዎቹ ከጭስ ማውጫው ጋር ጥላሸት የሚያጠራቅምና የሚያቃጥል ማጣሪያ አላቸው፤ እሱም ድኝ የሌለው ሊባል የሚችል ናፍታና የተለየ ዘይት ይፈልጋል። ይህ ንድፍ በአሜሪካና በአውሮፓ የጭስ ሕግ የተወለደ ነው፤ ለዚያ አየርና ለዚያ ናፍታ ትክክል ነው። ግን እዚያም ቢሆን ገበሬው ትራክተሩን ራሱ መጠገን ስላቃተው ጮኋል። የኮሎራዶ ግዛት በ2023 እ.ኤ.አ. አምራቾች የጥገና መረጃና መሣሪያ ለገበሬው እንዲሰጡ በሕግ አስገድዷል። መንገድ፣ ኢንተርኔትና የአምራች ወኪል በቅርቡ ያለው የኮሎራዶ ገበሬ እንዲህ ካለ፣ የባሌና የጎጃም ገበሬ ምን ይበል?

«ታዲያ ዘላለም በአሮጌ ቴክኖሎጂ እንኑር?» የሚል መልስ ይመጣል። ጥያቄው የዕድሜ አይደለም። ዛሬ የተመረተ ትራክተርም ዘይት መቅጃው በቅርብ፣ ፊልትሮው በእጅ የሚደረስ፣ ግሪስ መስጫው የሚታይ ሊሆን ይችላል። አሮጌው ሁሉም የተሻለ አይደለም፦ ዘይት ውስጥ የሚነከረው የድሮ የአየር ፊልትሮ ታጥቦ ይመለሳል፣ የወረቀቱ ግን ደቃቅ አቧራን በተሻለ ያስቀራል። ወረዳው ላይ የወረቀቱ ፊልትሮ ካለ የወረቀቱ ይግባ። ከሌለ ግን ገበሬው አቧራ የጠገበውን መታ መታ አድርጎ መልሶ ይገጥመዋል፤ የሞተሩ ዕድሜም እዚያው ላይ ያጥራል።

«ጥገናው ለባለሙያ ይተው፣ ለዚህ ነው ዋስትና ያለው» የሚሉም አሉ። የስንዴ ዘር ሰኔና ሐምሌን አሳልፎ አይጠብቅም። ባለሙያው ያለው አዲስ አበባ ከሆነ፣ ገበሬው ራሱ ከከፈተውም ዋስትናው የሚፈርስ ከሆነ፣ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ባንኩ ግን የቆመውን ትራክተር ወርኃዊ ክፍያ አያቆምም። በኩታ ገጠም ለሚያርስ ማኅበር ደግሞ የአንድ ትራክተር መቆም የብዙ ጎረቤት ማሳ ጾም ማደር ነው።

መንግሥት በ2011 ዓ.ም. የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥና ከታክስ ነፃ እንዲገቡ መፍቀዱ መልካም ነበር። ሆኖም በር መክፈት አንድ ነገር፣ በገባው ማረስ ሌላ ነገር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚመጣ እያንዳንዱ ኩሽኔታና ኢንጀክተር ይህን ጫና ተሸክሞ ነው ሶማሌ ተራ የሚደርሰው። የሞዴሉ ዓይነት በበዛ ቁጥር በየሱቁ የሚቀመጠው ዕቃ ይሳሳል፣ ዋጋውም ይወጣል።

ስለዚህ ከሚቀጥለው ግዢ በፊት አራት ነገር ይጠየቅ።

1ኛ፦ ፈተናው ማሳ ላይ ይሁን። የወረዳው መካኒክ ባለው ቁልፍና ካቻቢቴ ዘይት ይቀይር፣ ፊልትሮ ያውጣ፣ ቺንጋ ያጥብቅ፣ አየር ያስወጣ። የፈጀበት ሰዓት ከዋጋው ጎን ይጻፍ።

2ኛ፦ አስመጪው ፊልትሮ፣ ቺንጋ፣ ኢንጀክተርና የፍሪሲዮን ዕቃ በዞን ከተማ ሳያስቀምጥ ክፍያው ሙሉ በሙሉ አይለቀቅለት።

3ኛ፦ የጥገና መመሪያው ገበሬው በሚያነበው ቋንቋ፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም በሌሎችም ይታተም።

4ኛ፦ አንድ ዞን በጥቂት ሞዴሎች ይወሰን። ከቆመው ትራክተር ላይ ዕቃ አውልቆ የሚሠራውን ማስነሳት የሚቻለው ሞዴላቸው አንድ ሲሆን ነው።

እነዚህን ለመፈጸም አዲስ ተቋም ማቋቋም አያስፈልግም፤ የጨረታ ሰነዱ ላይ ጥቂት መስመር መጨመር ይበቃል። ትራክተራችን ለገበሬው ይመቻል የሚል አስመጪም ፈተናውን የሚፈራበት ምክንያት የለውም። ፈረሱም ያው፣ ሜዳውም ያው።