«እቁብ ወጣልኝ፤ ፖከር ልጀምርበት?»

ሰሞኑን በፍቅርና በትዳር ጣጣ ስንጨቃጨቅ ከርመናል። ዛሬ ደግሞ ወደ ኪስ ጉዳይ ዞር እንበል። ኪስም እኮ የልብ ጎረቤት ነው፤ አንዱ ሲታመም ሌላው ደህና አያድርም።

የዛሬው ጠያቂያችን የ24 ዓመት ወጣት ነው። የላከልን መልእክት ረዘም ስለሚል ፍሬ ነገሩን ብቻ ቀንጨብ አድርገን እነሆ፦

«…በአንድ የሞባይል መሸጫና መጠገኛ ሱቅ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ጥገናውን ሦስት ዓመት ሠርቼበታለሁ። ሃያ ሰው ያለበት እቁብ ገብቼ በየሳምንቱ 1,500 ብር እጥላለሁ። ዕጣው በአራተኛው ሳምንት ለእኔ ወጣና 30,000 ብር እጄ ገባ። ዋስ የሆነችኝ ታላቅ እህቴ ናት። ሐሳቤ የመጠገኛ ዕቃ ገዝቼ በትንሽ ቦታ የራሴን ሥራ መጀመር ነበር። ነገር ግን አንድ ጓደኛዬ በስልኩ ፖከር ይጫወታል። በአንድ ሌሊት 200 ዶላር እንደበላ በዓይኔ አሳይቶኛል። እኔም ካርታ አላንስም፤ በሰፈራችን በኮንከር የሚችለኝ የለም። በዚህ ብር ብጀምርስ? ለጀማሪ የሚሆን ምክር ለግሱኝ። እህቴ ስለ ነገሩ አታውቅም…»

ወንድሜ፣ «ቁማር ክፉ ነው፤ ተወው!» ብለን በአንድ መስመር ልንሸኝህ እንችል ነበር። ግን እንደዚያ ብንልህ ነገ ተመልሰህ የምትጠይቀው ያንኑ ጓደኛህን ነው። ስለዚህ ቁጭ ብለን እንነጋገር። ጨዋታው ምን እንደሆነ እንንገርህ፤ ጓደኛህ ያላሳየህንም እናሳይህ። ፍርዱ የራስህ ነው።

ጨዋታው እንዴት ነው?

በኢንተርኔት ላይ በብዛት የሚጫወቱት የፖከር ዓይነት «ቴክሳስ ሆልደም» ይባላል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ በምስጢር ይታደላል። ከዚያ መሃል ላይ የሁሉም የጋራ የሆኑ አምስት ካርታዎች ይገለጣሉ፤ መጀመሪያ ሦስት በአንድ ጊዜ፣ ቀጥሎ አንድ፣ በመጨረሻም አንድ። ከሰባቱ ውስጥ ምርጥ አምስት ካርታ ያገኘ ያሸንፋል። ካርታው ከመገለጡ በፊትና በተገለጠ ቁጥር ገንዘብ ይመደባል፤ በድምሩ አራት ዙር መሆኑ ነው። ተራህ ሲደርስ ካርታህን ትጥላለህ፣ ሌላው የመደበውን ያህል ታስይዛለህ፣ ወይም ትጨምራለህ። ገና ማንም ካልመደበ ደግሞ ሳትከፍል ማለፍ ትችላለህ።

ደረጃው ከታች ወደ ላይ ሲቆጠር እንዲህ ነው፦ አንድ ጥንድ፣ ሁለት ጥንድ፣ ሦስት ተመሳሳይ፣ አምስት ተከታታይ ቁጥር፣ አምስቱም አንድ ምልክት (ለምሳሌ ሁሉም ልብ)፣ ሦስት ተመሳሳይ ከአንድ ጥንድ ጋር፣ አራት ተመሳሳይ፣ ከሁሉም በላይ አንድ ምልክት ያላቸው አምስት ተከታታይ ካርታዎች። ኮንከር ለሚያውቅ ልጅ ይሄ በአንድ ቀን የሚያዝ ነው። ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል። ሕጉ ቶሎ ስለሚገባህ ጨዋታው የገባህ ይመስልሃል!

ሰፈር ውስጥ ካርታ ይዞ ዝም ብሎ መቀመጥ ያሰለቻል፤ ቢጥሉም «ፈራህ እንዴ?» ተብሎ ይሳቅብሃል። በፖከር ግን ዋናው ሙያ መጣል ነው። ዘጠኝ ሰው በሞላበት ጠረጴዛ ጥሩ ተጫዋች ከአሥሩ ጊዜ ሰባት ስምንቱን ገና ሁለቱን ካርታ እንዳየ ይጥላል። ለምን ቢባል ሒሳቡ ስለሚያስገድደው ነው። ሁለት ተመሳሳይ ካርታ የሚታደልህ በአማካይ ከ17 ጊዜ አንዴ ነው። ትልቁ ጥንድ፣ ሁለት አስ፣ የሚመጣልህ ደግሞ ከ221 ጊዜ አንዴ ነው። የያዝካቸው ሁለት ካርታዎች የተለያዩ ከሆኑ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሲገለጡ ከያዝከው ጋር የሚጣመር የምታገኘው ከሦስት ጊዜ አንዴ ያህል ብቻ ነው። የቀረውን ጊዜ ባዶ እጅህን ነህ ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ እንጨምርልህ። አራት ልብ ይዘሃል እንበል፤ አምስተኛ ልብ ከመጣ ታሸንፋለህ። የሚገለጠው አንድ ካርታ ብቻ ቀርቷል። መሃል 100 ብር አለ፤ ተጋጣሚህ 100 ብር መደበ። አንተ 200 ብር ለማግኘት 100 ብር ትከፍላለህ። ልቡ የሚመጣው ግን ከአምስት ጊዜ አንዴ ያህል ነው። አምስት ጊዜ ብትሞክረው አንዴ 200 ታገኛለህ፣ አራቴ ደግሞ መቶ መቶ ትከስራለህ። አገኘህ 200፣ ከሰርክ 400! ጀማሪው ግን ያቺን የመጣችለትን አንድ ቀን ነው ለጓደኞቹ የሚያወራው።

አማርኛችንም እዚህ ላይ ጉደኛ ነው። «ትበላለህ» ብለን ስንጽፍ «በ»ን አላልተህ ካነበብካት አሸናፊው አንተ ነህ፤ አጥብቀህ ካነበብካት ግን የተበላኸው አንተ ነህ። ፊደሉ ያው አንድ ነው። ጓደኛህ የነገረህ አላልቶ ነው።

ጓደኛህ ያላሳየህ

አንደኛ፣ ጠረጴዛው ኪራይ አለው። በሰፈር ጨዋታ አንዱ የከሰረውን ሌላው ይወስዳል እንጂ ብሩ ከቤት አይወጣም። በኢንተርኔቱ ግን አጫዋቹ ድርጅት መሃል ከተሰበሰበው ገንዘብ ላይ ይቆርጣል። ቆረጣው ከቦታ ቦታ ቢለያይም ለምሳሌ 5 በመቶ እንበል። ስድስት ሰዎች አንድ አንድ ሺህ ብር ይዘው ተቀመጡ፤ ጠቅላላው 6,000 ብር ነው። በእያንዳንዱ ዙር በአማካይ 60 ብር ቢሰበሰብ ድርጅቱ 3 ብር ይወስዳል። በኢንተርኔት በሰዓት 60 ዙር መጫወት ብርቅ አይደለም። ስለዚህ በሰዓት 180፣ በአሥር ሰዓት 1,800 ብር! ማንም ጎበዝ ሳይሆን፣ ማንም ሳያጭበረብር፣ ከጠረጴዛው ላይ ሲሶ ገደማው የለም። እንግዲህ አንተ ለማትረፍ ከሌሎቹ እኩል መሆን አይበቃህም፤ ኪራዩን እስክትሸፍን ድረስ ልትበልጣቸው ይገባል።

ሁለተኛ፣ ያሸነፈ ያወራል፤ የተበላ ዝም ይላል። እ.ኤ.አ. በ2003 ክሪስ መኒሜከር የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሠራተኛ ከመቶ ዶላር ባነሰ ክፍያ በኢንተርኔት ማጣሪያ ተወዳድሮ ላስ ቬጋስ ለሚካሄደው ለዓለም የፖከር ውድድር አለፈ። እዚያም አንደኛ ወጥቶ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። የአባት ስሙ ራሱ «ገንዘብ ሠሪ» እንደማለት ነው! ወሬው ዓለምን አዳረሰ፤ በዚያ ዓመት 839 የነበሩት ተወዳዳሪዎች በ2006 ወደ 8,773 አሻቀቡ። ታሪኩ እውነት ነው። ግን በዚያው በ2003 አንደኛ ያልወጡት 838 ሰዎችስ? የአንዳቸውን ስም ታውቃለህ? የጓደኛህም ነገር እንዲሁ ነው። ያቺን ሌሊት አሳይቶሃል፤ የቀሩትን ሌሊቶችስ አሳይቶሃል? የስድስት ወር ገቢና ወጪውን እንዲያሳይህ ጠይቀው። ካሳየህ ጎበዝ ነው፤ ካላሳየህ መልሱ ያው ነው።

ሦስተኛ፣ ከማን ጋር እንደተቀመጥክ አታውቅም። ከሰፈር ልጅ ጋር ስትጫወት ፊቱን ታያለህ። በስልክ ላይ ግን ከወዲያ ያለው ሰው ለዓመታት ያጠና ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ጓደኛሞች በስልክ እየተነጋገሩ ሊያጠምዱህ ይችላሉ፤ ጭራሹንም ሰው ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ ተመራማሪዎች የሠሩት «ፕሉሪበስ» የተባለ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ስድስት ሰው በሚጫወትበት ጠረጴዛ ላይ ስመ ጥር ባለሙያዎችን አሸንፏል። ከዚያም ቀደም ብሎ በ2007 «አብሶሉት ፖከር» በተባለው ድርጅት ውስጥ የሌሎችን የተሸፈነ ካርታ እያየ የሚጫወት ሰው ተገኝቶ ጉድ ተብሏል።

አራተኛ፣ ገንዘቡ የት ነው ያለው? እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2011 የአሜሪካ መንግሥት ትልልቆቹን የኢንተርኔት ፖከር ድርጅቶች ሲዘጋ «ፉል ቲልት» የተባለው ለተጫዋቾቹ የሚከፍለው በቂ ገንዘብ አልነበረውም። አሜሪካውያኑ ገንዘባቸውን መቀበል የጀመሩት በ2014 ነው። ልብ በል፤ እነሱ እንኳ አቃቤ ሕግ ቆሞላቸው ሦስት ዓመት ገደማ ጠብቀዋል። አንተ ደግሞ ዶላር ስለሌለህ «ብሩን ለእኔ ላክ፣ እኔ እሞላልሃለሁ» ለሚል በቴሌግራም ለተዋወቅኸው ሰው ብትልክና ቢሰወርብህ፣ አቤት የምትለው ለማን ነው?

«ይሁን፣ መልመድ ግን እፈልጋለሁ» ካልክ

መልካም፤ ጨዋታውን ማወቅ በራሱ ወንጀል አይደለም። የምንመክርህ ግን ይህን ነው። በነፃ ቺፕ ጀምር። ብዙዎቹ ቦታዎች ያለ ገንዘብ ያጫውታሉ። በነፃ ስለሆነ ሰው ሁሉ እንደ እብድ ስለሚመድብ እዚያ ማሸነፍህ ጎበዝ መሆንህን አያሳይም፤ ሕጉን ለመልመድና መጣልን ለመለማመድ ግን ይበቃል። ደብተር ያዝ። ቀኑን፣ ስንት ሰዓት እንደተጫወትክ፣ በስንት ጀምረህ በስንት እንደጨረስክ ጻፍ። አእምሯችን የበላነውን ይመዘግባል፣ የተበላነውን ይሰርዛል፤ ደብተር ግን አይዋሽም።

በገንዘብ ልጫወት ያልክ ቀን በመጀመሪያ ሕጉ እንደሚፈቅድና ድርጅቱ ፈቃድ እንዳለው አጣራ። ከዚያ የምታወጣው በወር ለካፌና ለሲኒማ ከምታወጣው አይብለጥ። አለቀ? በቃ፣ ወሩ ተዘጋ። ሰዓት ሞልተህ ተቀመጥ፤ ሲጮህ ተነስ። ጠጥተህ ወይም ቅመህ አትጫወት። ከሁሉም በላይ «የተበላሁትን ላስመልስ» የምትል ሐሳብ የመጣችብህ ደቂቃ ስልኩን ዝጋ። ፖከረኞች ይህን ንዴት «ቲልት» ይሉታል። ሰውን ቤት አልባ የሚያደርገው ክፉ ካርታ ሳይሆን ከክፉ ካርታ በኋላ ያለው እልህ ነው። መደበቅ፣ መዋሸት፣ መበደር ከጀመርክ ነገሩ ጨዋታ መሆኑ አብቅቷል፤ ለምታምነው ሰው ተናገር።

አሁን ወደ እቁቡ

ወንድሜ፣ የጻፍክልንን ቁጥር አብረን እንደምረው። አራት ሳምንት 1,500 ጥለሃል፤ 6,000 ብር ነው። እጅህ የገባው 30,000 ነው። ስለዚህ ያንተ የሆነው 6,000 ብቻ ነው። ቀሪው 24,000 ዕጣ ያልደረሳቸው አሥራ ስድስት ሰዎች ናቸው ያበደሩህ። አንዱ ለልጁ ትምህርት ቤት፣ አንዷ ለቤት ኪራይ፣ ሌላው ለሠርጉ እየጠበቀው ይሆናል። በኪስህ ያለው ብር ስም አለው። ስም ያለው ብር ቁማር ላይ አይመደብም።

ዋስህስ? ብሩ አልቆ በሚቀጥለው ሳምንት 1,500ውን ብታጣ ሰብሳቢው የሚጠራው እህትህን ነው። አሥራ ስድስት ሳምንት ሙሉ! እሷ የፈረመችው ወንድሟ ሱቅ ሊከፍት ነው ብላ እንጂ ቁማር ሊጫወት ነው ብላ አይደለም። «እህቴ አታውቅም» ያልካት ዓረፍተ ነገር ከደብዳቤህ ሁሉ ያስጨነቀችን እሷ ናት። ነገሩ ደህና ቢሆን ኖሮ ትነግራት ነበር፤ አይደለም እንዴ?

አንድ ነገር ደግሞ አስብ። በስልክ ጥገና አንተ የሦስት ዓመት አዋቂ ነህ፤ የተበላሸበት ሰው መጥቶ ይከፍልሃል። በፖከር ጠረጴዛ ግን ጀማሪው አንተ ነህ፤ ከፋዩም አንተ ነህ። ታዲያ አዋቂ ሆነህ የምትቀበልበትን ትተህ ጀማሪ ሆነህ ወደምትከፍልበት በሰው ብር መሄድ ምን የሚሉት ንግድ ነው? ስለዚህ ምክራችን አጭር ነው፦ በዚህ ሳምንት እህትህን ይዘህ ሂድና የመጠገኛ ዕቃውን ግዛ። ብሩ ወደ ዕቃ ሲቀየር ሐሳብህም ይረጋል። ፖከሩን በነፃ ቺፕ ተማረው፤ እቁቡን ከፍለህ ጨርሰህ፣ ሱቅህ ቆሞ፣ ያኔም ካማረህ የራስህን የካፌ ብር ይዘህ ትመለስበታለህ። ጠረጴዛው የትም አይሄድም። የእህትህ እምነት ግን አንዴ ከሄደ ይመለሳል ብለን ዋስ አንሆንም።

እናንተስ አንባቢዎቻችን ምን ትላላችሁ? በስልክ ቁማር የተጎዳችሁ፣ ወይም ጀምራችሁ በጊዜ የተዋችሁ ካላችሁ እንዴት እንደተዋችሁት ጻፉልን። ምስጢራችሁ እንደወትሮው የተጠበቀ ነው። ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!