ሕጉም አለ፣ ገንዘቡም አለ፤ ጠያቂው የታል?

በቪዲዮው ያነሳነውን ጉዳይ እዚህ ሰፋ አድርገን እናየዋለን። ጉዳዩ የአካል ጉዳተኛ ወገኖቻችን ነው። መንግሥት በሩና መንገዱ ለእነሱ እንዲመች ብሎ የሚመድበው ገንዘብ አለ። ይሄ ገንዘብ እንዴት ነው የሚሰጠው? ለማንስ ነው የሚሰጠው? እኛስ የት ነን?

መጀመሪያ ገንዘቡን እንወቀው። በ1974 በወጣ ሕግ የፌደራሉ የቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ለከተሞችና ለካውንቲዎች የሚያከፋፍለው ግራንት አለ፤ ሲዲቢጂ ይሉታል። ቢያንስ 70 በመቶው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላለው ሰው መዋል አለበት። ከተፈቀዱት ሥራዎች አንዱ በግልጽ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች እንዳይንቀሳቀሱ የሚያግድን ነገር ማንሳት ነው፦ ደረጃ ባለበት ራምፕ መሥራት፣ በር ማስፋት፣ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ዝቅ ማድረግ፣ መጸዳጃ ቤት ማስተካከል። በትራንስፖርት በኩል ደግሞ 5310 የሚባል ሌላ ግራንት አለ። ኖንፕሮፊት ድርጅት ዊልቸር የሚያስገባ ቫን መግዣ ሊጠይቅበት ይችላል። በመደበኛው ፌደራሉ 80 በመቶ ይሸፍናል፤ ቀሪውን ጠያቂው ያመጣል።

አሁን ወደ ምሥራቅ ላስ ቬጋስ እንምጣ። ታክሲ የነዳ ሰው ያውቀዋል፤ አድራሻው ላስ ቬጋስ የሚል ሁሉ የከተማው አይደለም። ስትሪፑ ራሱ ከከተማው ወሰን ውጭ ነው። ምሥራቁም የተከፋፈለ ነው። ገሚሱ የላስ ቬጋስ ከተማ ነው፤ ኔሊስን ይዞ ያለው ሰንራይዝ ማነር ግን በክላርክ ካውንቲ ሥር ነው። ግራንቱን ሁለቱም ለየብቻ ነው የሚቀበሉት። ስለዚህ ሰፈራችሁ ውስጥ ዊልቸር የማያሳልፍ የእግረኛ መንገድ ካለ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ «የማን ክልል ነው?» የሚለው ነው። የተሳሳተ በር ያንኳኳ ሰው «እኛን አይመለከትም» ተብሎ ይመለሳል፣ ተስፋም ይቆርጣል።

በሕጉ መሠረት ገንዘቡን የሚቀበል ከተማም ሆነ ካውንቲ በየዓመቱ ቢያንስ 2 ጊዜ የሕዝብ ስብሰባ መጥራት አለበት። እቅዱንም ለ30 ቀን ለአስተያየት ክፍት ያደርጋል። እዚያ ቀርቦ ለመናገር ጠበቃ መሆን አያስፈልግም። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ ያልተነገረ ችግር እቅድ ውስጥ አይገባም፣ እቅድ ውስጥ ያልገባ ነገር ደግሞ ገንዘብ አያገኝም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? መጠየቅ እንደማያቅተን ደግሞ አይተናል። በ2023 ካውንቲው በምዕራቡ በኩል ዴካተር አካባቢ ያለውን ሰፈር ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ የሰየመው ወገኖቻችን ደጅ ጠንተው ነው። ለስም የጠየቀ ሕዝብ ለራምፕ መጠየቅ ያቅተዋል?

አሜሪካኖቹም ይሄን በነጻ አላገኙትም። በ1977 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ አካል ጉዳተኞች አንድ የፌደራል ሕንፃ ውስጥ ገብተው ለሳምንታት አልወጣም አሉ። በመጋቢት 1990 ደግሞ በዋሽንግተን የኮንግረሱን ደረጃ ዊልቸራቸውን ትተው በእጃቸውና በጉልበታቸው ወጡት። በዚያው ዓመት ሐምሌ 26 የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ተፈረመ። ዛሬ ታክሲ ነጂ ዊልቸር ኮፈን ውስጥ ስላስገባ ተጨማሪ ማስከፈል የማይችለው በዚያ ሕግ ነው።

አገራችንም ሕግ አላት። የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ሁሉ ዊልቸር ለሚጠቀምም፣ ደረጃ መውጣት ለማይችልም መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል። በ2010 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች ስምምነት አጽድቃለች። ታዲያ አዲስ አበባ ስንት መሥሪያ ቤት ነው ዛሬም በደረጃ የሚቀበለው? እዚያ ሕጉ እያለ የሚያስፈጽመው ሰውና በጀቱ ያንሳል። እዚህ ሕጉም በጀቱም እያለ ከእኛ በኩል ጠያቂው ያንሳል።

አንድ የማይነገር ነገር እንጨምር። የአሜሪካው ሕግ የሃይማኖት ተቋማትን አያስገድድም። ቤተ ክርስቲያን ራምፕ ባይሠራ በዚህ ሕግ አይቀጣም፤ ለአምልኮ የሚውል አዳራሽም በሲዲቢጂ ገንዘብ አይሠራም። ስለዚህ ያንን በር የሚከፍተው የምእመኑ ኪስ ብቻ ነው። ለሕንፃ መግዣ ገንዘብ ስናዋጣ ራምፑ ከመጀመሪያው ፕላኑ ላይ ይሳል። መለኪያው 1 ለ12 ነው፤ 21 ኢንች ከፍታ ላላቸው 3 ደረጃዎች 21 ጫማ ርዝመት ያስፈልጋል። ጣውላ በማጋደም የሚሆን አይደለም፤ ቦታው ቀድሞ መታሰብ አለበት።

አሁን ለምን አነሳነው? በግንቦት 2025 ዋይት ሃውስ ለ2026 ባቀረበው የበጀት ሐሳብ ሲዲቢጂ ጭራሽ እንዲቀር ጠይቋል። ሐሳብ ሕግ አይደለም፤ በጀት የሚያጸድቀው ኮንግረስ ነው። በ2017ም ይሄው ቀርቦ ኮንግረሱ ገንዘቡን አላስቆመም። ግን ልብ በሉ፤ አንድ ፕሮግራም ሲነካ የሚጮህለት የተጠቀመበት ሰው ነው። ያልተጠቀመበት መቅረቱንም አይሰማም።

ምን ይደረግ? አንደኛ፣ ማኅበራትና እድሮች ስንት አካል ጉዳተኛና ስንት መራመድ ያቃታቸው አረጋውያን እንዳሉን ይቁጠሩ። ከአገር ቤት ያመጣናቸው እናቶችና አባቶች እያረጁ ነው። «ሰው ምን ይላል» ተብሎ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚገባው ልጅም ይቆጠር። ሁለተኛ፣ ግራንት የሚፈልግ ማኅበር ኖንፕሮፊት ምዝገባውንና የሒሳብ መዝገቡን ያስተካክል። አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ አውጥቶ በደረሰኝ ማስመለስ ስለሆነ፣ ደረሰኝ የማይይዝ ማኅበር እዚያ በር አይደርስም። ሦስተኛው ዋናው ነው፤ ስብሰባው ላይ የሚናገረው አካል ጉዳተኛው ራሱ ይሁን። የእኛ ሥራ ማድረስና ካስፈለገ ማስተርጎም ነው። መኪናው እንደሆነ አለን።

እናንተ ባላችሁበት ከተማስ እንዴት ነው? ሞክራችሁ የተሳካላችሁ ካላችሁ ከቪዲዮው ሥር ጻፉልን፤ ሌላው ይማርበታል። ሰላም ሁኑ!