እምቦጩን የሚቀልበው ማን ነው?

በጣና ዳር ሰው ተጠራርቶ እምቦጭ መንቀል ከጀመረ ዓመታት ተቆጠሩ። አረሙ ሐይቁ ላይ መታየቱ በይፋ የተነገረው በ2004 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ገበሬው እርሻውን ትቶ ውኃ ውስጥ ገብቷል፤ ማሽንም ተገዝቷል። አረሙ ግን ይመለሳል። በግብርና ባለሙያነት ፎገራ ላይ ስሠራ አብሬ ነቅያለሁና ድካሙን አላቃልልም። የሚያንገበግበኝ በአንድ እጃችን እየነቀልን በሌላው መቀለባችን ነው።

አንድ እምቦጭ አውጥታችሁ ሥሩን ተመልከቱ። እንደ ጢም የተንዠረገገ፣ ጠቆር ያለ ሥር ነው፤ መሬት ሳይነካ ተንሳፍፎ ምግቡን ከውኃው ይስባል። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ካገኘ ማን ያቆመዋል? ሐምሌ ላይ የጉማራና የርብ ወንዞች ሐይቁን ሲቀላቀሉ ያየ ሰው ምግቡ ከየት እንደሚመጣ ያውቃል። ፎስፈረሱ ከታጠበው አፈር ጋር ተጣብቆ ይወርዳል። ገበሬው ወረፋ ጠብቆ፣ ተበድሮ የገዛው ዩሪያም ከባድ ዝናብ ሊጥል ሲል ከተበተነ ሟሙቶ ይሄዳል። በዚህ ላይ የባሕር ዳር ፍሳሽ አለ፤ የጎንደሩም በመገጭ ወንዝ ይመጣል። ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አይበልጥም፤ ይህን ሁሉ የሚሸከምበት አቅም የለውም።

ከሁሉ የሚከፋው የባሕር ሸሹ እርሻ ነው። ውኃው በበጋ ሲሸሽ ደንገሉ ተመንጥሮ እስከ ውኃው አፋፍ ድረስ ይታረሳል። ደንገሉ እኮ ደለልና ማዳበሪያ የሚያስቀር፣ ዓሣም የሚራባበት ነበር። መሬት ያነሰውን ገበሬ ግን ብቻውን መውቀስ ተገቢ አይደለም። ዳርቻው ይከለል የሚል ሁሉ ገበሬው ከከለላው ሣር አጭዶ ለከብቱ የሚያበላበትን መንገድም ይዞ ይምጣ።

ሌላም አለ። ነቅለን ዳር ላይ የምንከምረው እምቦጭ እዚያው ይበሰብሳል፤ ከውኃው የወሰደውንም ዝናብ አጥቦ ይመልሰዋል። ክምሩ ከሐይቁ መራቅ አለበት፤ ይህ ደግሞ ጋሪና ጉልበት እንጂ ጥናት አይጠይቅም።

በጀት የምትመድቡ ኃላፊዎች፣ ለነቀላው ከምታወጡት ከፊሉን ለወንዝና ለሐይቅ ዳርቻ ደንገልና ሣር፣ ለከተሞቹም ፍሳሽ ማጣሪያ አውሉት። የፎገራ ሩዝ አምራቾች፣ እናንተም ዩሪያውን ባንድ ጊዜ አትጨርሱት፤ ከፋፍላችሁ፣ ሰማዩን አይታችሁ ጨምሩ።