ጀበናዋን የሠራችው ማን ናት?

ዛሬ ጠዋት ቡና ጠጥታችሁ ነው ከቤት የወጣችሁት። መቼም በጅማ አገር ቡና ሳይጠጣ የሚውል ሰው የለም። ቡናውን ማን እንዳበቀለው ታውቃላችሁ፤ እናንተው ናችሁ። ማን እንደቆላው፣ ማን እንዳፈላውም ታውቃላችሁ። እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ጀበናዋን የሠራችው ማን ናት? ስሟ ማን ይባላል?

አብዛኞቻችን አናውቅም። «ከገበያ ነው የገዛሁት» እንላለን። የተቀመጥንበት በርጩማስ? «እሱም ከገበያ ነው።» ማረሻውስ? «ቱምቱው ነው የሠራው» እንላለን እንጂ ስሙን አንጠራም። ሙያውን እናውቃለን፣ ሰውየውን አናውቅም። ይህ ልክ አይደለም ባይ ነኝ።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አለኝ። ክረምቱ ሲወጣ፣ አደይ አበባ ሲፈነዳ፣ በሰቶ ሰመሮ አንድ የኪነትና የእጅ ሥራ ምሽት ይደረግ። ሰቶ ሰመሮ የጅማ ከተማ ቀበሌ ናት፤ ከተሜውም የዙሪያው ገበሬም ሊገናኝባት ይችላል። ዘፋኙ ይዝፈን፣ ገጣሚው ይግጠም፣ ሠዓሊው ሥዕሉን ይስቀል። ከነሱ ጎን ደግሞ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ስፌት የምትሰፋው፣ በርጩማ የሚፈለፍለው ሥራቸውን ይዘው ይቀመጡ። እያንዳንዱ ዕቃ ፊት የሠሪው ስም ተጽፎ ይቀመጥ።

የዘፈንና የጭፈራ ምሽት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታውጆ የገበሬ ማኅበራት ከተቋቋሙ በኋላ በየቦታው የኪነት ቡድኖች ነበሩ። ሕዝቡ ተሰብስቦ ያይ ነበር። ከበሮ መቺው ይጨበጨብለታል። ከበሮውን የለጎመው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ስሙ አይጠራም። ዘፋኟ በለበሰችው ጥበብ ትደነቃለች። ጥበቡን የሸመነው ግን ከኋላ ቆሞ ያያል። እኔ የምለው እሱም ወደ ፊት ይምጣ ነው።

«ይህ ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖራል። እስቲ አብረን እንመልከተው።

ጀበና የምትሠራው በእጅ ነው። አፈሩ ተቆፍሮ በሸክም ይመጣል። ይወቀጣል፣ ይነፋል። ከተፈጨ ገል ጋር ይለወሳል። ከዚያ ሆዷ፣ አንገቷ፣ እጀታዋ ይበጃል። ትደርቃለች፣ ትታሻለች፣ በመጨረሻም በእሳት ትተኮሳለች። እሳቱ ላይ ከተሰነጠቀች የስንት ቀን ድካም ገደል ገባ። ይህን ሁሉ ያላየ ሰው ገበያ ላይ ቆሞ «ጭቃ አይደለም እንዴ? ቀንሺ!» ይላል። ያየ ሰው ግን እንደዚያ ለማለት ያፍራል። በምሽቱ ላይ ሸክላ ሠሪዋ ሰው ፊት ተቀምጣ ብትሠራ፣ ያ ሁሉ ሰው የዋጋውን ምክንያት በዓይኑ ያያል።

የጅማ በርጩማም እንዲሁ ነው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ፣ ሦስት እግር ሆኖ የሚወጣ ነው። ሚስማር የለው፣ ማጣበቂያ የለው። እንጨቱ ብዙ ጊዜ ዋንዛ ነው። ዋንዛን ደግሞ እናንተ ታውቁታላችሁ። ለቡናችሁ ጥላ የሚሆነው እሱ አይደለም? እንግዲህ የቡና ገበሬውና በርጩማ ሠሪው የአንድ ዛፍ ሰዎች ናቸው። አንዱ ካልተከለ ሌላው አይፈለፍልም። ይህንንም ተገናኝተው ቢመካከሩበት መልካም ነው። ፕላስቲክ ወንበር በየቤቱ ገብቷል። በርጩማ የሚፈለፍል ወጣት ካልተገኘ፣ ሙያው ከሽማግሌዎቹ ጋር መቀበሩ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። እርስ በርሳችን አንዋሽ። ባለ እጅን እንንቃለን። ማረሻውን ከቀጥቃጩ እንቀበላለን፣ «ዓይኑ ይበላል» ብለን ግን ልጆቻችንን ከሱ እንሸሽጋለን። በጀበናዋ ቡና እናፈላለን፣ የሠራቻትን ሴት ግን ከኛ ጋር ቁጭ ብላ እንድትጠጣ አንጠራትም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብ እንዲቀር አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ስድቡ ግን በየመንደሩ እስከ ዛሬ ይሰማል። አዋጅ ብቻውን አፍን አያዘጋም። አብሮ መቀመጥ ግን ያዘጋል። ስለዚህ በዚያ ምሽት የመጀመሪያው ስኒ ቡና ለሸክላ ሠሪዋ ይቀዳ። ትልቅ ሰው ይነሣና በሁለት እጁ ያቅርብላት። ልጆች ይህን ይዩ። ልጅ ያየውን አይረሳም።

የስሙ ነገርስ? እስቲ ጅሬን ወጥታችሁ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ተመልከቱ። ፎቁን፣ የእንጨቱን ሥራ ያየ ሁሉ ይደነቃል። የንጉሡን ስም ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። እንጨቱን የጠረቡትን ሰዎች ስም የሚነግራችሁ ግን ስንት ሰው ነው? በሌላ በኩል አዲስ አበባ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ አለ። ባለ ቀለም የመስታወት ሥዕሉ የአፈወርቅ ተክሌ መሆኑን ዓለም ያውቃል። ሠዓሊው በ2004 ዓ.ም. ቢያርፍም ስሙ ከሥራው ጋር ይኖራል። ለምን? ስሙ ስለተጻፈ ነው። የሰቶ ሰመሮዋ ሸክላ ሠሪ ስም ቢጻፍ ምን ይቸግራል?

ይህን ከእናንተ የበለጠ የሚረዳ የለም። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ኋላም በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር፣ ስንቱ ሰው በጣቱ መፈረም ትቶ ስሙን ጻፈ! እናንተም ፊደል ስትቆጥሩ መጀመሪያ የጻፋችሁት ስማችሁን ነው አይደል? ያን ቀን የተሰማችሁን አስታውሱ። ያን ደስታ ለባለ እጁም ስጡት። በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ጻፉት፤ የሚያነበው ይብዛ።

አንድ ጥያቄ ግን ይቀራል። «በመስከረም ኪሳችን ባዶ ነው። ቡናው ገና አልተለቀመም። በምን እንገዛለን?» ትላላችሁ። እውነት ነው። እኔም ያን ቀን ሁሉም ይግዛ አልልም። የወደዳችሁትን እዘዙ። የቻለ ትንሽ ቀብድ ይስጥ፤ ቀሪውን ቡናው ሲሸጥ ይክፈል። ነገር ግን ውላችሁን በቃል አትተዉት። በሁለት ወረቀት ጻፉት። ምን ዕቃ እንደታዘዘ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚከፈል ይጻፍ። አንዱ ወረቀት እናንተ ዘንድ፣ አንዱ ሠሪው ዘንድ ይቀመጥ። ሠሪው ማንበብ ካልቻለ አንብቡለት። ፊደል የተማርነው ለዚህ ለዚህ ነው። እንዲህ ከተደረገ ገበሬውም ዕቃውን ያገኛል፣ ባለ እጁም የጥቅምትና የኅዳር ሥራውን በእጁ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል።

ለምሽቱ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ግቢ፣ መብራት፣ ቡና፣ ፈንዲሻ፣ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። ስንደዶና አክርማ የሚለቅሙት ሴቶች ስፌታቸውን ይዘው ይመጣሉ። ወጣቶቹ ይዘፍናሉ። ሽማግሌዎቹ ይመርቃሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው በከንቱ አይደለም።

እስከዚያው ግን ምሽቱን አትጠብቁ። ዛሬ ቡና ሲፈላ ጀበናዋን አንሡና ጠይቁ። የገዛችሁባትን ሴት በሚቀጥለው የገበያ ቀን ፈልጓት። «እናቴ፣ ስምሽ ማን ነው?» በሏት። ሲነግሯችሁ ደብተራችሁን አውጡና ጻፉት። የራሳችሁን ስም መጻፍ ተምራችኋል፤ አሁን ደግሞ የእሷን ጻፉ።